ሼህ ኑርዬ የተቀመጡ ዕለት

ሼህ ኑርዬ በየመታጠፊያው ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም። አንዴ ከተቀመጡ ጉልበታቸው መልሶ እንደማያነሳቸው ያውቃሉ። ስለዚህ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ኋላ ይዞሩና ሐይቁን ያያሉ፤ ድካም ሳይሆን የሐይቁ ውበት ያቆማቸው እንዲመስል።

«ሱብሃነላህ» ይላሉ ትንፋሻቸው መለስ ሲል። «ከዚህ ሲያዩት እንዴት ያለ ነው።»

«ከቅድሙ መታጠፊያም ያው ነበር» አሉ ከፊት የሚሄዱት መምሬ የሻው።

«ቅድም ታንኳዋ አልወጣችም።»

እውነትም አንዲት ታንኳ ከዳር ካለው ገዳም በኩል ወጥታ የሐይቁን መሀል ይዛለች። የምትሄድ አትመስልም። መምሬ የሻው አይተዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሳቸውም ደክሟቸዋል፤ ግን ከሼህ ኑርዬ በዕድሜ ጥቂት ስለሚያንሱ መድከማቸውን ለመናገር ተራ አልደረሳቸውም።

ኢስሃቅ የሁለቱንም ጋቢ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ልብስ ሰፊ ነው። ሐይቅ ከተማ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰፋ የሚውል ሰው እግሩ ፔዳል እንጂ አቀበት አይለምድም። ይህን ተራራ፣ ዋንዛ አምባን፣ ሚስት ከማግባቱ በፊት በዓል በመጣ ቁጥር ይወጣው ነበር። የከተማው ወጣቶች ሸንኮራ እየጋጡ የሚወጡት ጫፉ ላይ ቆመው ሁለቱን ሐይቆች፣ ሐይቅንና አርዲቦን፣ በአንድ ጊዜ ለማየት ነው። ኢስሃቅ ኑርሀያትን መጀመሪያ ያያት እዚያ ነው፤ ለወጪ ወራጁ በለስ ስትሸጥ። ያን ጊዜ አቀበቱ አልታወቀውም።

ዛሬ ሁለቱን ሽማግሎች ያመጣው እሷኑ ከአባቷ ቤት ለምነው እንዲመልሱለት ነው። ኑርሀያት ካኮረፈች ወር አልፏታል። አባቷ ጠሃ ደግሞ ሰኞ በሚያልፈው አውቶቡስ ኮምቦልቻ ወንድሟ ዘንድ ሊልካት ነው የሚል ወሬ ትናንት በገበያተኛ መጣ። ወንድሟ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ያገኝላታል ተብሏል። ኮምቦልቻ ከገባች በኋላ የሚለምናት ሽማግሌ የለም፤ ሰው በፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ሚስት አይለምንም።

ሌሎች ሽማግሎችን ጠይቆ ነበር። አንዱ የእርከን ዘመቻ አለብኝ አለ፤ አንዱ ወገቤን አለ። የእውነቱ ምክንያት ሌላ መሆኑን ኢስሃቅ ያውቀዋል። ጠቡ ውስጥ ካድሬ አለበት።

ጓድ ሙሉጌታ የመጣው በመስከረም ነበር። ገበሬዎቹን በአምራች ማኅበር ሊያደራጅ ከሌላ አገር ተመድቦ ሲመጣ፣ ቀበሌው ማረፊያ እስኪያገኝለት ለጥቂት ቀን ኢስሃቅ ቤት ይረፍ ተባለ፤ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ለብቻው በር ያለው ክፍል አለው። ጥቂቱ ቀን የካቲት ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለም። ወጡን ያመሰግናል፤ ኑርሀያትን «ጓዲት» ይላታል። ማታ ማታ እግሩን የሚታጠብበት ሙቅ ውኃ ይፈልጋል። ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሬዲዮኑ እስኪዘጋ ማንም አይተኛም። ጥር ላይ ሁለት ጓዶቹን ለሳምንት ያህል ጨምሮ አመጣና ኑርሀያት ማድ ቤት ተኛች። «ንገረው» አለችው ኢስሃቅን። «ነገ እነግረዋለሁ» አላት። በማግስቱም ነገ አላት። አንድ ጠዋት ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ዋንዛ አምባን ወጣች።

«መምሬ» አሉ ሼህ ኑርዬ ከሌላ መታጠፊያ ላይ ሆነው። «የእናንተ ገዳም ሜዳ ላይ ነው። ተራራ መውጣት ማን አስተማራችሁ?»

«እኛ ወደ ላይ የምንወጣው በጸሎት ነው።»

«እንግዲያ ለኔም ጸልዩልኝና ልድረስ።»

መምሬ የሻው ሳቁና ሳቁ ወደ ሳል ሄደባቸው። ሦስቱም ሳሉ እስኪያልፍ ቆመው ጠበቁ። ከበላያቸው የአምባው ወገብ በእርከን ተሸንትሯል፤ በዘመቻ የተተከለው ባሕር ዛፍ ገና ከጉልበት በታች ነው፣ ጥላ የለውም።

ጫፉ ሲቃረብ ሼህ ኑርዬ ወደ ኢስሃቅ ዞሩ። «ስማኝ ልጄ። አንተ ከአጥሩ ውጭ ትቀራለህ። ባል ከሽማግሌ ጋር አይገባም። እኛ በራፉ ላይ እንቆማለን። ግቡ ይለናል፣ አንገባም። ተቀመጡ ይለናል፣ አንቀመጥም። እሺ እስኪል ድረስ ውኃውንም አንቀምስም። ጠሃ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሞ ሲደክም አይቶ አይችልም።»

«ስንደክም እንዲያየን ከሆነ» አሉ መምሬ፣ «ጊዜ አይወስድበትም።»

የጠሃ ቤት አምባው ትከሻ ላይ ነው። አጥሩ ቁልቋል ነው። ኢስሃቅ ከቁልቋሉ ጀርባ፣ ከበራፉ ሰው ሲነጋገር የሚሰማበት ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ ትልቁ ከተማውን አቅፎ በግራ፣ አርዲቦ ከኮረብታዎቹ ማዶ በቀኝ። ለማየት የሚሆን ዓይን አልነበረውም።

ጠሃ በዚያን ሰዓት ከእርከን ሥራ ገና መግባቱ ነው። እጁ ላይ ጭቃው ደርቋል። ሽማግሎቹን ሲያይ ለምን እንደመጡ ገባው፤ ተነሣ።

«አሰላሙ አለይኩም ሼሁ። እንደምን ዋላችሁ መምሬ። ግቡ እንጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም። እዚሁ ይሻለናል» አሉ ሼህ ኑርዬ።

«ግድ የለም ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ሳይሆንልን አንቀመጥም» አሉ መምሬ የሻው። «ጠሃ፣ እኛ ዛሬ ያለ ጉዳይ አልመጣንም። ጥፋት የሌለበት ሰው የለም፤ ይቅርታ የማያሻውም ሰው የለም…»

ንግግሩ እንደሚሆን ሆኖ ተጀምሮ ነበር። ኢስሃቅ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። መምሬ የሻው ከአዳም ጀምረው ወደ ባልና ሚስት ሲመጡ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ይህ የሰንበት ስብከት አይደለም ብሎ የሚያቆማቸውም አልነበረም። ገና ይስሐቅና ርብቃ ላይ ሳሉ ኑርሀያት ከጓዳ ወጣች። ሽማግሎቹን ሰላም አላለችም፤ ሴት ልጅ በራሷ ጉዳይ በመጣ ሽማግሌ ፊት አትቆምም። ግን ሼህ ኑርዬ ቁርአን ያስቀሯት ሰው ናቸው። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ከበሩ ስንጥቅ አይታቸዋለች። በጣሳ ውኃ ይዛ መጣችና ዝም ብላ ዘረጋችላቸው።

ሼህ ኑርዬ ተቀበሉ። «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። ጠጥተው ሲጨርሱ ከኋላቸው ያለው የጭቃ መደብ ጉልበታቸውን ነካው፤ ጉልበታቸውም ታጠፈ።

ተቀመጡ።

መምሬ የሻው ከርብቃ ላይ አቆሙ። ሼህ ኑርዬ ምን እንዳደረጉ የገባቸው ባዶውን ጣሳ ሲያዩ ነው።

«ያረቢ» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጠሃ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረበትም፤ ሐፍረት የመሰለ ነገር ነበር። «እንግዶቼ ሆናችሁ። ቤታችሁ ነው።»

«እኔ ቆሜያለሁ» አሉ መምሬ።

«አንቱ ቆመዋል። ግማሹ ሽምግልና ተቀምጧል፣ ግማሹ ቆሟል። እንግዲህ ግማሽ ልጄን ልስጣችሁ?»

መምሬ የሻው ሊነሡ የሚታገሉትን ሼህ ኑርዬን አዩ፤ ፀሐዩን አዩ። ከዚያ እሳቸውም ከአጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ፤ ወዳጃቸውን ብቻውን ከማሳፈር አብሮ ማፈር ይሻላል ብለው ይሁን፣ ወይስ ሲፈልጉት የነበረውን ሰበብ አግኝተው፣ ኢስሃቅ ከቁልቋሉ ጀርባ ሆኖ ሊያውቅ አልቻለም።

እንጀራ ቀረበ። የምስር ወጥ ነበር፤ መምሬም ሆኑ ሼሁ የሚበሉት። ኢስሃቅ የሳህኑን ድምፅ ሰማ። ስለ በልግ ዝናብ አወሩ፣ ስለ እርከኑ ድንጋይ፣ ለእርከኑ ሥራ ስለሚሰፈረው ስንዴ አወሩ። የሱን ስም ያነሣ አልነበረም፤ የሰው እንጀራ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ልጅ መጠየቅ ነውር ነው። ቁልቋሉን ተደግፎ ሊያርፍ ፈለገ፤ ቁልቋል አይደገፉትም። ከጠዋት ጀምሮ አልበላም።

ከቆይታ በኋላ መምሬ የሻው በአጥሩ በኩል ዞረው መጡ። ጢማቸው ላይ ምስር አለ።

«በላን፣ ልጄ» አሉ።

«ሰማሁ።»

«ሌላ ቀን እንመለሳለን።»

«ሰኞ ትሄዳለች፣ መምሬ።»

«አውቃለሁ።» አምባውን ወደ ታች አዩት። «ሼህ ኑርዬ ይኸን ዳግም አይወጡም። እኔም ብቻዬን ሽማግሌ አልባልም። መደቡ ላይ እንቅልፍ ይዟቸዋል። ሲነቁ እንወርዳለን።»

ኢስሃቅ የያዘውን ሁለት ጋቢ አየ። አንዱን ለመምሬ ሰጣቸው። ሌላውን እንደያዘ በአጥሩ በር ገባ።

«ኧረ በሚካኤል፣ ወዴት?» አሉ መምሬ።

ጠሃ መደቡ ላይ፣ ከተኙት ሼህ አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አማቹን ሲያይ እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ። ባል በራሱ እግር መጥቶ ሚስቱን ሲለምን በዚያ አገር አልታየም። የሚሉትም ነገር አልተዘጋጀለትም።

ኢስሃቅ ጋቢውን በሼህ ኑርዬ ላይ አለበሰና ቆመ።

«ተቀመጥ» አለ ጠሃ።

«አልቀመጥም፣ አባባ።»

ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። ጠሃ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ተነሣ። እንደዚያ ሆነው ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ፣ አንዱ ሁለት ሽማግሌ እየጠበቀ ተራራ የወጣ ነው። ሼህ ኑርዬ በመሀላቸው ያንኮራፋሉ።

«ተቀመጥ እባክህ። እግሬን አሞኛል።»

«አንቱ ይቀመጡ።»

«አንተ ቆመህ?»

ጠሃ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ አንዱ አዛወረ። ኢስሃቅም እንዲሁ አደረገ።

«እኔ ልጄን የሰጠሁት ላንተ ነው» አለ ጠሃ ቆይቶ። «ለመንግሥት ሰው የእግር ውኃ እንድታሞቅ አልሰጠኋትም።»

«እንግዳ ነው ብዬ ነው።»

«እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል። መጥቶ የማይሄድ ምን ይባላል?»

ኢስሃቅ አሰበ። «ካድሬ» አለ።

ጠሃ ሊስቅ ነበር። አጥሩን ዞር ብሎ አየና ተወው።

በሩ ተከፈተ። ኑርሀያት መቃኑን ይዛ ቆመች። ከስታለች፤ ወይም ኢስሃቅ ፊቷን በፀሐይ ካየ ቆይቷል።

«አባዬ፣ ይቀመጡ» አለች።

«እሱ ሳይቀመጥ?»

«ይቆም። መቆም ከቻለ ይቆም።» ከዚያ ወደ ኢስሃቅ ዞረች። «ሰውየው አለ?»

ወጥቷል ማለት ይችል ነበር። ሽማግሌ ቢሆን፣ ይወጣል፣ ሊወጣ ነው፣ የሚል መንገድ ያገኝለት ነበር።

«አለ» አለ።

«ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ምን ልትል መጣህ?»

«ሼህ ኑርዬ ያውቁበታል ብዬ ነበር።»

ሦስቱም የተኙትን ሽማግሌ አዩ።

«ነገ ስትለኝ ከረምክ» አለች ኑርሀያት። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቁጣው ያለቀበት ድምፅ ነው። «እንግዳ ነው፣ ነውር ነው ትለኛለህ። የኔ ማድ ቤት መተኛት ነውር አይደለም?»

ኢስሃቅ በሚገባ አርፎ፣ በልቶ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። አሁን ነገር ለማስዋብ አቅም አልነበረውም።

«ውሸቴን ነው» አለ። «ነውር ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ፈራሁት።»

ጠሃ ወደ መሬት አየ። አማች ፊት የሚባል ቃል አልነበረም።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የፈራሁት» አለ ኢስሃቅ። «ሳል ሲስል እፈራዋለሁ። ወጡን ሲያመሰግን እንኳ እፈራዋለሁ።»

ኑርሀያት መቃኑን ለቀቀች።

«እኔም እፈራዋለሁ» አለች። «እኔን ደፋር አድርገህ ነው ያየኸኝ? ፈርቻለሁ ብትለኝ አብሬህ እፈራ ነበር። አንተ የእንግዳ ክብር ታስተምረኛለህ።»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ገባች። ጠሃ የቀረውን ጫማውን በእግሩ አወለቀ፣ ቆሞ እንዳለ።

ስትመለስ ነጠላዋን ለብሳለች። ልብሷን አልቋጠረችም።

«እወርዳለሁ» አለች። «ቤት ግን አልገባም። ከቤታችን ፊት ለፊት አክስቴ መሪማ ቤት እቀመጣለሁ። የሰውየው ሳጥን ሲወጣ በዓይኔ ካየሁ እገባለሁ። ካላየሁ ሰኞ እዚያው መንገድ ዳር አውቶቡሱን እሳፈራለሁ፤ አቀበቱን ዳግም አልወጣም፣ እኔም ደክሞኛል።»

ጠሃ ልጁን አየ፣ አማቹን አየ። «እኔ እሺ አላልኩም» አለ።

«አላሉም፣ አባዬ።»

«እንቢም አላልኩም።» ይኸን ብሎ በመጨረሻ ተቀመጠ፤ ጆንያ እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ።

ሼህ ኑርዬ ነቁ። ጋቢውን ዳሰሱ፤ የቆመውን ኢስሃቅን፣ ነጠላ የለበሰችውን ኑርሀያትን አዩ። «ተፈቀደልን?» አሉ።

«አልተከለከልንም» አሉ መምሬ የሻው ከአጥሩ በር። «ይነሡ፣ ሳይመሽብን።»

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ የባሰ ሆነ። ሼህ ኑርዬ አንድ እጃቸውን ኢስሃቅ ትከሻ ላይ፣ አንዱን ኑርሀያት ትከሻ ላይ ጭነው ወረዱ። በመሀላቸው ሽማግሌው ስላሉ ባልና ሚስቱ አልተነጋገሩም፤ የሽማግሌው ክብደት ወደ አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ይመልሳል። «አብሽሩ፣ ደረስን» ይላሉ ሼህ ኑርዬ በየመታጠፊያው። አልደረሱም። የትልቁ ሐይቅ ውኃ ወደ እርሳስ ቀለም ተለወጠ። ታንኳዋ ገብታለች።

ከተማ ሲደርሱ ሽማግሎቹ በየፊናቸው ሄዱ። መምሬ የሻው ሲለዩ ምንም አልመረቁም፤ ምርቃቱን ነፍገው ሳይሆን እስትንፋስ አጥሯቸው ነው። ኑርሀያት መሪማ በር ላይ ደርሳ ቆመች። «እዚህ ነኝ» አለች። ኢስሃቅ መንገዱን ተሻገረ።

ጓድ ሙሉጌታ ክፍሉ ውስጥ በሬዲዮኑ አጠገብ ነበር።

«ጓድ ኢስሃቅ፣ ዛሬ ሥራ ቦታህ አልነበርክም። ደህና ነህ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ደህና ነኝ።» በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ስለ ማረፊያ ችግር፣ ስለ ቀበሌው ቃል። አንዱም አልመጣለትም። «ክፍሉን እንፈልገዋለን። ሚስቴ መጥታለች።»

ሙሉጌታ ሬዲዮኑን ቀነሰ። «መልካም ነው መምጣቷ። ታዲያ?»

«ውጣልን።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱ ለኢስሃቅም አጠረበት። ትሕትና ሊጨምርበት አሰበና አቅም አጣ።

«ለቀበሌው አሳውቀሃል?»

«አላሳወቅሁም።»

«ይህ የራስህ አቋም ነው? ወይስ ከኋላህ ሰው አለ?»

መምሬንም ሼሁንም አሰበ። «የራሴ ነው» አለ። «ካሰርከኝ ዛሬ እሰረኝ። ቢያንስ ቁጭ እላለሁ።»

ሙሉጌታ አየው፤ ምናልባት ቀልድ መሆን አለመሆኑን ሊለይ ፈልጎ ይሆናል። ከዚያ ሬዲዮኑን ዘጋ። «ረቡዕ ስብሰባ አለ» አለ በዝግታ። «እዚያ እንነጋገርበታለን። ለዛሬ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አድራለሁ።»

ረቡዕ ምን እንደሚመጣ ኢስሃቅ አላወቀም፤ ለማሰብም አልሞከረም። ሰውየው ልብሱን ሲያጣጥፍ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። የብረት ሳጥኑ መጻሕፍትና መጽሔት ስለሞላበት አንድ ሰው አያነሣውም፤ ሙሉጌታ አንዱን እጀታ ይዞ ቀና አለና ጠበቀው። ኢስሃቅ ሌላውን ያዘ።

መንገዱ መሀል ላይ ጉልበቱ ከዳው፤ ሳጥኑን አሳረፉት። ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው፣ በማይተያዩበት በኩል ዞረው ተነፈሱ። ኑርሀያት ከመሪማ በር ላይ ቆማ ታያለች፤ ገና አልተሻገረችም። ጽሕፈት ቤቱ ዳገቱ ላይ ነው። ኢስሃቅ ጎንበስ ብሎ እጀታውን እንደገና ያዘ።